በጀርባዬ አዝዬ ያወረድኳቸው እናት

ይህን የምጽፈው ማንንም ለማሳመን አይደለም። ለማሳመን ጉልበቱም የለኝ። ግን ሆኗል... እኔ ነበርኩበት፣ ጽናት ነበረችበት፣ ሾፌሩ ምንይሉም ነበረበት።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ውስጥ ነው። ቅዳሜ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ቦታው መንዝ ነው፤ ከመሐል ሜዳ በመኪና አንድ ሰዓት ይፈጃል። ስሙን አልጽፈውም፤ ሰው እንዲሄድ አልፈልግም። የጥንት ነገሥታት ወደ ደቡብ ከመውረዳቸው በፊት የተቀመጡበት መናገሻ ነው ይባላል። ዛሬ የቀረው የድንጋይ መሠረት፣ የፈረሰ ካብና አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሰው አይኖርበትም።

የአካባቢው ሰው ግን ዛሬም «ከተማው» ነው የሚለው። «በጎቹ ከተማው ገቡ» ይላል። «ከተማውን ጉም ሸፈነው» ይላል።

እኔ አስጎብኚ ነኝ። በኃይሉ እባላለሁ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚያ ከተማ ውስጥ ሰው እየመራሁ በእግሬ ዞሬአለሁ። በሩ እዚህ ነበር፣ የግብር አዳራሹ እዚህ ነበር፣ እልፍኙ እዚያ... ያንኑ ቃል፣ በዚያው ቅደም ተከተል። ባለቤቴ ዓለሚቱ በእንቅልፍህም ታስጎበኛለህ ትለኛለች።

በዚያ ሳምንት አራተኛ ቡድኔ ነበር። ጉልበቴ አብጧል፣ ድምፄ ሻክሯል። ልቀር አስቤ ነበር። ከደብረ ብርሃን ድረስ የመጡ ናቸው ሲሉኝ አፈርኩና ወጣሁ።

ሰባት ናቸው። የአንድ ሰፈር ማኅበርተኞች። ከመሐላቸው አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ እማማ አማከለች። ሰባ አምስት ዓመት ይሆናቸዋል። ምርኩዝ ይዘዋል፣ በሌላ እጃቸው ልጃቸውን ጽናትን ይዘዋል።

መኪናው ከሚቆምበት እስከ ከተማው ግማሽ ሰዓት በእግር ያስኬዳል። እሳቸው ዐሥር እርምጃ ይሄዱና ያርፋሉ። ዐሥር ይሄዱና ያርፋሉ። እኔና ጽናት ከኋላ ቀረን። የዚያን ጊዜ ነው የነገረችኝ።

እናቷ ከሦስት ዓመት ወዲህ ነገር ይጠፋባቸዋል። ነጠላቸውን ይለብሱና ከገዛ ቤታቸው ደጃፍ ቆመው «ቤቴ ውሰዱኝ» ይላሉ። ቤትሽ ይሄ ነው ሲሏቸው ያለቅሳሉ። ወንድሞቿ ሩቅ ናቸው። ሌሊትም ቀንም የምትጠብቃቸው እሷ ብቻ ናት። ሦስት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ ጠግባ አታውቅም። ያን ቀንም ያመጣቻቸው አደራ የምትሰጠው ሰው ስላጣች ነው።

ስታወራኝ ዓይኗ እየተከደነ ይከፈት ነበር። ቆማ የምትተኛ ትመስላለች።

መንዝን ያውቁታል ወይ ብዬ ጠየቅኳት። አያውቁትም አለች። ደብረ ብርሃን ተወልደው ደብረ ብርሃን ያረጁ ናቸው።

በሩ ጋ ደረስን። በር ስል ሁለት ትልልቅ ድንጋዮች ናቸው፤ ሌላ የለም። የተለመደውን ጀመርኩ። ወደ መናገሻው የሚገባው በዚህ ነበር አልኩ። ሁሉም በድንጋዮቹ መሐል ገባ።

እማማ አማከለች ግን አልገቡም።

የልጃቸውን እጅ ለቀቁና ካቡን ተከትለው ወደ ግራ ሄዱ። ሃያ እርምጃ ያህል... ምንም የሌለበት ቦታ ላይ ቆሙ። አንገታቸውን ደፋ አደረጉ። እግራቸውን ከፍ አድርገው አነሱና ገቡ።

ዝቅ ባለ በር ሰው እንደሚገባው።

ሰዎቹ ሳቁ። ጽናት አፍራ ሮጣ ያዘቻቸው። እኔም ፈገግ አልኩ።

ግን በዚያ በኩል የሴቶች በር ነበር ብለው ድሮ አንድ ሽማግሌ ነግረውኛል። ምልክቱ ስለሌለ ለአንድም ጎብኚ ተናግሬው አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከሳቸው ላይ መንቀል አቃተኝ።

ሜዳው ክፍት ነው። ሣርና ድንጋይ ብቻ። እኛ እንዳሻን እያቋረጥን እንሄዳለን። እሳቸው አያቋርጡም። ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፣ ይታጠፋሉ፣ እንደገና ይታጠፋሉ... ግድግዳ እንዳለ ሁሉ። አንድ ቦታ ላይ ትከሻቸውን አጥብበው አለፉ።

ሌላ ቦታ ላይ ቆሙና ጥግ ይዘው ሰው አሳለፉ።

ማንም አልነበረም።

የግብር አዳራሹ ጋ ስንደርስ ጉሙ ከገደሉ ተነሳ። የመንዝ ጉም ሲመጣ አያስታውቅም፤ ቀና ስትሉ ውስጡ ናችሁ። ሩቅ ያሉት የጅብራ ተክሎች ሰው መስለው ተገትረዋል።

ድካሙ የመጣው እዚያ ላይ ነው።

የመንገድ ድካም አልነበረም። ከማኅበርተኞቹ አንዱ፣ ኃይለ ኢየሱስ የሚባል ጎልማሳ፣ ትንሽ ልረፍ ብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ወዲያው አንቀላፋ። አጠገቡ ያለችው ሴት ጭንቅላቷን ጉልበቷ ላይ ደፋች። አንድ በአንድ ተቀመጡ።  እኔም አፌን ከፈትኩ... በዐሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ የምለው ጠፋኝ። ምላሴ ከበደኝ። እዚያው ሣሩ ላይ መጋደም አማረኝ።

ጽናት ጆሮዬ ሥር መጣች።

«ጋሼ... እናቴ አልደከማትም።»

«ጥሩ አይደል?»

«ከአልጋዋ እስከ በር ስትሄድ የምታርፍ ሰው እኮ ናት።»

ቀና ብዬ ፈለግኳቸው። የሉም። ምርኩዛቸው ብቻ አዳራሹ መሐል ወድቋል።

ጽናት እጄን ጨመቀችኝ። ተያይዘን ጉሙ ውስጥ ገባን።

ከአዳራሹ ጀርባ በድንጋይ የተከበበች ትንሽ ቦታ አለች። ምን እንደነበረች አይታወቅም። ስለማይታወቅ ሁልጊዜ ዝም ብለን ነው የምናልፋት። እዚያ አገኘናቸው።

መሐሉ ላይ ቁጭ ብለዋል። ጫማቸውን አውልቀው ከድንጋዩ ክብ ውጭ ጎን ለጎን አስቀምጠዋል። ወገባቸው ቀጥ ብሏል። ፊታቸው... እንዴት ልበላችሁ... ያረፈ ሰው ፊት ነበር።

«እማዬ፣ ተነሺ እንሂድ» አለች ጽናት።

«ቤቴ ገባሁ እኮ።»

«ቤታችን ደብረ ብርሃን ነው፣ እማዬ።»

እጃቸውን ዘርግተው ጉንጯን ዳሰሱ። «አንቺ ደክሞሻል፣ ልጄ። ሂጂ ተኚ።»

ጽናት ማልቀስ ጀመረች። ሦስት ዓመት ሙሉ እንቅልፍሽን ተኚ ያላት ሰው አልነበረም መሰለኝ።

እኔ ጠጋ አልኩ። «እማማ፣ እዚህ ማን አለ?»

ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ቀስ... ተኝተዋል።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሣሩ ተደፍጥጧል። በግ የተኛበት ሣር ክብ ነው፤ አውቀዋለሁ። ይሄ ግን ረጃጅም ነበር... ጎን ለጎን፣ ከሳቸው በግራም በቀኝም።

እያየሁት፣ ዳር ላይ ያለው ሣር ተንቀሳቀሰ። የተኛ ሰው ሲገላበጥ እንደሚሆነው።

ነፋስ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቅኩም። ብብታቸው ሥር ይዤ አነሳኋቸውና ጀርባዬ ላይ አዘልኳቸው። እንቢ አላሉም። እንደ ጭድ ቀላል ነበሩ። ጽናት ጫማቸውን አነሳች። አዳራሹ ጋ ደርሼ የተኙትን ጮክ ብዬ ቀሰቀስኳቸው። እየተደናበሩ ተነሱና ቁልቁል ከፊቴ ሄዱ። እኔ ተከተልኩ። ጽናት ከኋላዬ።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም።

ግማሽ መንገድ ላይ ከበዱኝ። ጉልበቴ ነው ብዬ አሰብኩ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ዝናብ እንደጠጣ የገብስ ነዶ ከበዱኝ። ወደ በሩ ስንቃረብ ሁለት ሰው ያዘልኩ ያህል ወገቤ ተንቀጠቀጠ። ጭንቅላታቸው ትከሻዬ ላይ ነው፤ አፋቸው ከአንገቴ ጋር ተነካክቷል።

ትንፋሽ አልተሰማኝም።

ላወርዳቸው ቆም አልኩ። የዚያን ጊዜ ጽናት ከኋላዬ በሹክሹክታ ተናገረች።

«ጋሼ... አትዙር።»

«ምን አለ?»

«ሂድ ብቻ። አትዙር።»

አልዞርኩም። ከኋላችን የእግር ኮቴ ይሰማኛል። የጽናት ነው አልኩ ለራሴ። ኮቴው ግን ያነክሳል፤ ዐሥር እርምጃ ይሄድና ያርፋል... ዐሥር ይሄድና ያርፋል። ከዚያ እየራቀ ሄደ።

መኪናው ጋ ስንደርስ ሾፌሩ ምንይሉ በሩን ከፍቶ ቆሟል። እማማ አማከለችን መቀመጫው ላይ አስቀመጥኳቸው። ዓይናቸው ተከድኗል። ሰዎቹን ቆጠርኩ፤ ሰባት ናቸው። ግባ፣ እንሂድ አልኩት። ምንይሉ ግን በሩን አልዘጋም። ከኋላችን ያለውን ጉም እያየ ቀረ።

«የቀረ ሰው የለም?» አለ።

«ሰባት ናቸው።»

«እርግጠኛ ነህ?»

ጽናት ከውስጥ ሆና ፊቷን ሳታዞር መለሰችለት። «ዝጋው።»

ዘጋው። እነሱ ወደ ደብረ ብርሃን ቀጠሉ። እኔ መሐል ሜዳ ወርጄ ቤቴ ገብቼ ሁለት ቀን ተኛሁ።

በሳምንቱ፣ ጠዋት ላይ፣ ጽናት ደወለች። እማማ ደህና ናቸው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ደህና ናት አለችኝ። ቤቴ ውሰዱኝ ማለት ትታለች። ደጃፍ አትወጣም። አታለቅስም። የሰጧትን ትበላለች፣ ከዚያ ትተኛለች። እኔም ተኛሁ አለች፤ በሦስት ዓመት መጀመሪያዬ ነው።

ደስ አለኝ አልኳት።  

«ጋሼ፣ ያን ቀን አትዙር ያልኩህ...»

«እ?»

«ነጠላዬን ከኋላ የሚይዘኝ ነበር። ዞሬ አየሁ። እናቴ ናት። ያለ ጫማ፣ ጉሙ ውስጥ። ጠብቂኝ፣ ደከመኝ አለችኝ። አንተ ጀርባ ላይም እናቴ ናት።»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርኩ።

«ነጠላዬን መንጭቄ አስለቀቅኳት» አለች። «ያንተ ጀርባ ላይ ያለችው ዝም ብላለች... እኔ ደክሞኝ ነበር፣ ጋሼ። ዝም ያለችውን መረጥኩ።»

ማልቀሷን ጠበቅኩ። አላለቀሰችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አንድ ነገር ብቻ ጨመረችልኝ።

«ስትተኛ አትተነፍስም። ጠዋት ግን ትነሳና ቁርስ ትጠይቀኛለች።»

ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ ደውላ አታውቅም። እኔም አልደወልኩም።

ሦስት ሳምንት ቆይቼ ሌላ ቡድን ይዤ ወደ ከተማው ወጣሁ። ሥራዬ ነው፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ? ቤተ ክርስቲያኑን የሚያገለግሉት አባ መርስዔ ኃዘን ከአጥሩ ውጭ ቆመው አገኘኋቸው። ሰላም ተባባልን። ከዚያ ያቺ ሴትዮ አገሯ ገባች ወይ ብለው ጠየቁኝ።

የቷ ሴትዮ አልኳቸው።

«በዚያ የጉም ቀን የመጣችው ናታ። ሲመሽ አጥሩን ተደግፋ አገኘኋት። ልጄ ደክሟት ቀድማኝ ሄደች፣ ደብረ ብርሃን በየት በኩል ነው አለችኝ። እደሪ ብላት እንቢ አለች። ልጄ ትጠብቀኛለች አለች። መንገዱን አሳየኋት።»

ሰዎቹን እንዴት እንዳስጎበኘኋቸው አላስታውስም።

ስንመለስ ዐሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነበር። ጉሙ አስፋልቱ ላይ ወርዷል። ጎብኚዎቹ ከኋላ አንቀላፍተዋል። ፊት የተቀመጥነው እኔና ምንይሉ ነን።

አንዱን መታጠፊያ እንዳለፍን ምንይሉ ፍሬን ያዘ።

ከፊታችን፣ የመንገዱ ዳር ላይ፣ ነጠላ የለበሱ አሮጊት ይሄዳሉ። ጀርባቸውን ሰጥተውናል። ዐሥር እርምጃ ያህል ሄዱ... ቆሙ። የመኪናውን ድምፅ ሲሰሙ ሳይዞሩ አንድ እጃቸውን ቀስ አድርገው አነሱ። ልሳፈር እንደሚል ሰው።

«በኃይሉ» አለ ምንይሉ በቀስታ። «ልቁም?»

አፌን ከፈትኩ። አልመለስኩለትም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ... በጣም ደክሞኝ ነበር።

ምንይሉ ትንሽ ጠበቀኝ። ከዚያ ፍሬኑን ለቀቀ። አጠገባቸው ስናልፍ ሁለታችንም ወደ ጎን አላየንም።

ጥቂት እንደሄድን እጁን ዘረጋና ስፖኪዮውን ወደ ጣሪያው አዞረው።