ዘጠኝ ቀን የቀራት ልጅ

መጀመሪያ ያየችው እጁን ነው። ግሪስ የለበሰ እጅ ከሊፍቱ ጉድጓድ ወጥቶ የወለሉን ጠርዝ ጨበጠ። ቀጥሎ ራሱ ብቅ አለ። ጠጉሩ ከፊት ሸሽቷል፣ ጺሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። ዓይኑ ግን ያው የድሮ ዓይኑ ነው።

ቀና ብሎ ሲያያት የያዘው መፍቻ አምልጦት ጉድጓዱ ውስጥ እየተንቋቋ ወረደ።

«አንቺ...» አለ።

አውቶቡስ ውስጥ ሆና የምትናገረውን ሁሉ በልቧ ስትደረድር ነበር የመጣችው። አሁን አንዱም አልመጣላት አለ። ስለዚህ አጭሩን ነገረችው።

«ልጅ አለችህ። በዘጠኝ ቀን ውስጥ ካልፈረምክላት አገር የላትም።»

ሴትየዋ በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አንሶላ እየተኮሰች የምትኖር ናት። ለዚህ አገር ባዕድ ናት፤ በልጅነቷ ሥራ ፍለጋ ድንበር ተሻግራ መጥታ በዚያው ቀረች። የመኖሪያ ፈቃዷን በየዓመቱ ሆስፒታሉ ያሳድስላታል። ልጇም በዚያው ፈቃድ ላይ በአንዲት መስመር ተጽፋ ነው ያደገችው። መስመሯ የምታገለግለው ግን አስራ ስምንት ዓመት እስኪሞላት ብቻ ነው። የእናትየው አገር ደግሞ ልጅን በአባቱ እንጂ በእናቱ አይቆጥርም። ልጅቷ እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ ፊደል ቆጥራ፣ ከክፍሏ አንደኛ እየወጣች፣ የየትኛውም አገር ሰው አይደለችም። ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ልትመዘገብ ስትል መታወቂያ አምጪ ተባለች። ያኔ ነው ጉዱ የፈላው።

የዜግነት ጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ የምታደርግ ትልቅ ሴት፣ ነገሩን ሳታንዛዛ ነበር የነገረቻት።

«እህቴ፣ አባቷ ዜጋ ከሆነ ዜግነቱ ለልጁም ያልፋል። ግን አልተጋባችሁም፤ የልደት ወረቀቷ ላይም የአባት ስም የለም። ስለዚህ ራሱ እዚህ መጥቶ ልጄ ናት ብሎ መፈረም አለበት። እሷም ነፍስ አውቃለችና አባቴ ነው ብላ ትፈርማለች። ሁሉም አስራ ስምንት ሳይሞላት። ካለፈ ግን እኔም የማሳይሽ በር የለኝም።»

«ባላገኘውስ?»

ሠራተኛዋ መነጽሯን አወለቀች። «አግኚው» አለቻት።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል። እናትየውም ሲጨንቃት፣ ስሙን ዳግመኛ ላታነሳ የማለችበትን ሰው ፍለጋ ወጣች። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ስትጠይቅ ቆይታ፣ አርብ ጠዋት ይኸው ሊፍት ሲጠግን አገኘችው።

ደረጃው ላይ ተቀመጡ። መሃላቸው ሌላ ሁለት ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ነበር።

«አርግዘሽ ነው የሄድሽው?» አላት።

«ልነግርህ መጥቼ ነው የሄድኩት።»

«አልገባኝም።»

«ቤትህ በር ጋ ቆሜ ሰማሁህ። ‹እንዲህ የምትባል ሴት አላውቅም፤ ከእኔ ጋር ምንም የላትም› ስትል። በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። በዚያው ተመለስኩ።»

ሲናገር ድምፁ ወርዶ ነበር።

«ውስጥ እነማን እንደነበሩ አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ሰዎች የሚለቅሙ ሁለት ተቆጣጣሪዎች። ሰው ጠቁሞብሽ ስምሽን በወረቀት ይዘው መጥተው ነበር። ምን ልበላቸው? ቁጭ በሉ፣ አሁን ትመጣለች ልበላቸው?»

አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ ቂም ይዛ የኖረችው ለካ ላዳናት ሰው ነው።

«አንድ ዓመት ፈለግኩሽ» አለ። «በየመናኸሪያው፣ በየፋብሪካው በር። ከዚያ ትታኝ ሄዳለች ብዬ ተውኩት። አገባሁ፤ ሁለት ዓመት ሳንደፍን ተለያየን። ልጅ የለኝም ብዬ ነው የምኖረው።» ተነሣና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ያን በር ገፋ ብታደርጊው ኖሮ...»

ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። ግሪሱ ጉንጩን አጠቆረው።

«ትፈርማለህ?» አለችው።

«ለአንቺ ብዬ አይደለም የምፈርመው» አለ። «ረቡዕ እመጣለሁ።»

ረቡዕ ቃሉን ጠብቆ መጣ። አዲስ ሸሚዝ ለብሷል፤ የማሸጊያ ካርቶኑ እጥፋት ደረቱ ላይ አራት ቦታ ተሠምሮ ይታያል። ስንት ሺህ አንሶላ የተኮሰ እጇ ያን እጥፋት ለማቃናት በላት። ግን ምን መብት አላት? አግዳሚው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ጠበቁ። ተራቸው ተጠርቶ አለፈ። ልጅቷ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ትመጣለች ተብሎ ነበር። ሰባት ሰዓት ሆነ፣ ዘጠኝ ሆነ፣ አሥራ አንድ ላይ ቢሮው ተዘጋ።

«አትመጣም አይደል?» አለ።

«አውቶቡስ ቆይቶባት ይሆናል።»

«ውሸት አትችይበትም» አላት። «አርብም እመጣለሁ። አርብ የመጨረሻ ቀን ነው።»

ቤት ስትገባ ልጅቷ ደብተሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ቀና እንኳ አላለችም።

«የካደኝን ሰው ስም አልለብስም፣ እማ። መታወቂያውም ፈተናውም ይቅርብኝ።»

«ልጄ፣ እሁድ እኮ አስራ ስምንት...»

«አላውቃትም ብሎ ካደን ያልሽኝ ማነው? የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በረንዳው ላይ ጠጉሬን እየሠራሽኝ ነው የነገርሽኝ። አልረሳሁትም።»

እናትየው እውነቱ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። ግን እንዴት ብላ ታውጣው? ይህች ልጅ በዓለም ላይ የምታምናት አንድ ሰው እሷን ብቻ ነው። ያቺ አንዷ ደግሞ ሳታጣራ ፈርዳ አባት አሳጣቻት። ሳትነግራት አደረች። ሐሙስ ዕለት ሥራ ላይ ሐሳብ ይዟት ሄዶ አንድ አንሶላ አቃጠለች። በሥራ ዘመኗ የመጀመሪያዋ ነበር። አለቃዋ አንሶላውን ሳይሆን ፊቷን አይታ ሌላ አንሶላ አቀበለቻት።

አርብ ጠዋት ልጅቷን ተከትላት እስከ አውቶቡስ ፌርማታው ሄደች። እዚያው ሰው መሃል ነገረቻት። ስለ በሩ፣ ስለ ተቆጣጣሪዎቹ፣ በየመናኸሪያው ስለባከነበት ዓመት።

«አልካደሽም። መኖርሽንም አያውቅም ነበር። ሳልጠይቀው ሄድኩ። ከዚያ ደግሞ ለአንቺ የሰማሁትን ብቻ ነገርኩሽ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጄ።»

ልጅቷ አውቶቡሱን መጠበቋን ትታ ወደ እሷ ዞረች።

«ስለዚህ ዕድሜዬን ሙሉ የጠላሁት ሰው ምንም አላደረገኝም ማለት ነው?»

«ምንም።»

አውቶቡሱ መጣ። ልጅቷ ተሳፍራ ሄደች። በመስኮት እንኳ ዞር ብላ አላየችም።

እናትየው ብቻዋን ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። ሊፍት ሠሪው ከእሷ ቀድሞ መጥቶ ያንኑ አግዳሚ ይዟል።

«ነገርኳት» አለችው። «እውነቱን ነገርኳት። አሁን እኔንም ጠላችኝ።»

ቀስ ብሎ ወደ እሷ ተጠጋ፤ መሃላቸው የነበረው ቦታ ጠበበ። ምሳ ሰዓት አለፈ። ሁለቱም አልበሉም። በሩ በተከፈተ ቁጥር አብረው ቀና ይላሉ፣ አብረው ያቀረቅራሉ። እናትየው በልቧ የእሁድን ማለዳ ታየው ጀመር። ልጇ ያለ ወረቀት፣ ያለ ፈተና፣ ፖሊስ ባየች ቁጥር መንገድ እየቀየረች። እሷ ራሷ በወጣትነቷ የሸሸችው ኑሮ ለልጇ ውርስ ሆኖ ሊቀር። የቀሚሷን ጫፍ ስትጠቀልል እሱ እጇን ያዘው። የግሪስ ሽታ ያለው ሻካራ እጅ ነበር። እጇን አልነጠቀችውም።

አሥር ሰዓት ሲል በሩ ተከፈተ። ልጅቷ ቦርሳዋን እንዳዘለች ገባች። እናቷን አልፋ በቀጥታ እሱ ፊት ቆመች። ግንባሯ ቁርጥ የእሱ ግንባር ነው።

«በእውነት ፈልገሃታል?»

«አንድ ዓመት።»

«ለምን አንድ ዓመት ብቻ?»

የቢሮው ሠራተኛ ሳይቀር ብዕሯን አቆመች።

«ተስፋ ስለቆረጥኩ» አለ። «መቁረጥ አልነበረብኝም። አንቺ እንዳለሽ ባውቅ አልቆርጥም ነበር።»

ልጅቷ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ወደ ሠራተኛዋ ዞረች።

«የት ነው የምፈርመው?»

ሠራተኛዋ ወረቀቶቹ ላይ ቀኑን ሁለት ጊዜ አይታ ማኅተሙን መታችበት። «አባትነቱን የሚያረጋግጠው የደም ምርመራ ቢዘገይም ግድ የለም» አለች። «ዋናው በቀኑ መፈረማችሁ ነው።» መነጽሯን አውልቃ ስትጠርግ ቆየች።

የምርመራው ውጤት በሦስተኛው ሳምንት መጣ፣ የዜግነት ወረቀቷም ተከተለ። ለፈተናው መመዝገቢያ ሊዘጋ አራት ቀን ሲቀረው ልጅቷ ተመዘገበች።

ቤት ውስጥ ግን ዝምታ ነበር። ልጅቷ የቀረበላትን ትበላለች፣ አመሰግናለሁ ትላለች፣ አልጋዋን የሚከልለውን መጋረጃ ትዘጋለች። እሱም አልመጣም። ፈርሞ ግዴታውን ተወጣ፣ በቃ አለች እናትየው። ሰው የዘራውን ያጭዳል።

አንድ እሁድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ሊፍት ሠሪው የቱ ጋ እንደሚቆም ግራ ገብቶት ደፉ ላይ ቆሟል።

«እኔ ነኝ የጠራሁት» አለች ልጅቷ ከመጋረጃዋ ጀርባ ወጥታ። «ሁለታችሁም ለየብቻችሁ ስትተክዙ ማየት ሰለቸኝ። እኔም ኩርፊያው ደክሞኛል፣ እማ።» ሄዳ እናቷ ትከሻ ላይ ተደገፈች።

እናትየው እንባዋ ቀደማት። «ይቅር በለኝ» አለችው። «አንቺም ይቅር በይኝ።»

«ይቅርታማ ያን አርብ እጅሽን ስይዝ ጨርሻለሁ» አለ። «እንዳልመጣ የያዘኝ ፍርሃት ነው። አልፈልግህም ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ትያለሽ?»

አልልም ብላ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ወንበር ሳበችለት። ተቀመጠ፤ ያን ቀን እንደተቀመጠ ነው የቀረው፤ በዓመቱ ማዘጋጃ ቤት ሄደው የጋብቻ ውል ሲፈራረሙ ምስክር የሆነችው ልጃቸው ናት።

ያን እሁድ ግን መጀመሪያ የጠየቀው ስለ ወደፊቱ አልነበረም።

«ስትወለድ ስንት ኪሎ ነበረች?»

«ሁለት ተኩል። ትንሽዬ ነበረች።»

«አለቀሰች?»

«ሆስፒታሉን ቀወጠችው።»

«ከዚያስ?»

ነገረችው። የመጀመሪያ ጥርሷን፣ የመጀመሪያ ቃሏን፣ ኩፍኝ የያዛትን ሳምንት። ልጅቷ መሃል እየገባች «እሱማ አልሆነም» እያለች ታርማለች። እሱ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ፣ አንድም ቃል እንዳያመልጠው ይሰማል። ሦስተኛ ዓመቷ ላይ ሳይደርሱ ምሳ ሰዓት ሆነ።

«ቀጥዪ» አላት።