የለቀቀበት ምክንያት

በጅግጅጋ ደመወዝ የሚቀበል ሰው ሁሉ፣ ከጥበቃ እስከ ሥራ አስኪያጅ፣ ማመልከቻው በእኔ ጣቶች አልፏል። ለጉራ አይደለም። እኔ አድማሱ በአንድ ገጽ ተኩል ጸጉር አስተካካይን የሰው ኃይል አማካሪ ማድረግ የምችል ሰው ነኝ። የጽሕፈት ቤቴ በር ላይ «አድማሱ ኮምፒውተርና ኮፒ፣ በ12 ዘመናዊ ኮምፒውተሮች» ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል። ቅጽ ላይ ባዶ መስመር ካየሁ እጄን ያሳክከኛል፤ በሃያ ዓመት ሥራዬ ሳልሞላ የተውኩት የለም።

ከአንዱ በቀር። የማወራችሁም ስለሱ ነው።

ሪድዋንና ፊርደውስ የተገናኙት እኔ ቤት ነው። በ2005 ዓ.ም. ሐምሌ፣ እሱ ከጅግጅጋ፣ እሷ ከሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተመርቀው፣ አንዱን የሥራ ማስታወቂያ ኮፒ ሊያስደርጉ ተከታትለው መጡ። አንድ ቅጂ እንደወጣ መብራት ሄደ። የዚያን ቀን የሄደ መብራት ለዘጠኝ ቀን አልተመለሰም።

«ቅጂው የእኔ ነው፤ ቀድሜ መጥቻለሁ» አለች ፊርደውስ።

«ውሰጂው። ብቻ ከመሄድሽ በፊት ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ» አለ ሪድዋን፣ እስክሪብቶ እያወጣ።

አነበበችለት። «የሥራ ልምድ፣ ሁለት ዓመት» የሚለው ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ወረደ። እሱም መጻፉን አቆመ። ቀና ብለው ተያዩ። ሁለቱም አንድ ነገር አጥተው እዚያው አንድ ነገር ያገኙ ይመስሉ ነበር። እኔ በዕድሜዬ አንድ ሺህ ፍቅር ሲጀመር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ዝምታ ግን አልሰማሁም።

ከዚያ ወዲያ አሥራ አራት ወር ሙሉ አግዳሚ ወንበሬ ላይ አብረው ተቀመጡ። ማስታወቂያ ይገለብጣሉ፣ ማመልከቻ ያስገባሉ፣ «እንጠራችኋለን» ይባላሉ። የጠራቸው የለም። ሁሉም ልምድ ይጠይቃል፤ ልምድ የሚሰጥ ግን አንድም የለም። ሪድዋን ጊዜ ሲያገኝ የእኔን ማሽኖች ይጠግናል፤ ካቻቢቴው ከእጁ አይለይም። ፊርደውስ አጠገቡ ሆና ብሎኖቹን በመዳፏ ትይዝለታለች። አንዳንዴ ብሎኑን ሊወስድ እጁን ይዘረጋና ጣቶቹ እዚያው መዳፏ ላይ ይረሳሉ። እኔ ያኔ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ።

ሻይ የምታፈላው ጎረቤታችን ዐናብ ግን ምንም አታልፍም።

«ዋርያ አድማሱ! ልጁ የሚጠግነው ሁልጊዜ አንዱን ነው። አሥራ አንዱ የት ሄዱ? ግመል ላይ ጫንካቸው?»

«ጓዳ ናቸው!»

«ወላሂ፣ የአንተ ጓዳ ከካራማራ ተራራ ይሰፋል።»

ፊርደውስ እስክታለቅስ ትስቅ ነበር። ስንት ሳቅ እንደቀራት ባውቅ ኖሮ አሥራ ሁለቱንም ኮምፒውተር ገዝቼ አስቃት ነበር።

አባቷ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ልጃቸውን ለትዳር የሚጠይቅ ድሬዳዋ ያለ ነጋዴ መጣ። «ያ ልጅ እስከ ዓመት መለወጫ ሥራ ከያዘ ሽማግሌውን እቀበላለሁ፤ ካልያዘ ለድሬዳዋው ሰው እሺ እላለሁ» አሏት። ይሄን ስትነግረው ወረቀት እየለየሁ ነበር፤ ሪድዋን የፈታውን ማሽን መልሶ መግጠም አቃተው።

አንጀቴ አልቻለም። «አንተ ልጅ፣ አንዲት የሥራ ልምድ ልጻፍልህ» አልኩት። «የአይቲ ክፍል ኃላፊ፣ ሦስት ዓመት። ማኅተሜን ያዩ እንደሆነ ይነሡልሃል።»

«ጋሽ አድማሱ፣ እነዚያን ሦስት ዓመታት እኮ ክፍል ውስጥ ነበርኩ።»

ፊርደውስ ቀና አለች። «ቃል ግባልኝ፣ ሪድዋን። ያልሠራኸውን ሠራሁ ብለህ እንዳትገባ። አባቴ ፊት የምቆመው እሱ አይዋሽም ብዬ ነው።»

«ቃሌ ነው» አለ።

ነሐሴ ላይ አንድ ባንክ ቅርንጫፍ ሊከፍት ማስታወቂያ አወጣ። ጀማሪ የአይቲ ሠራተኛ፣ አንድ ቦታ። ሁለቱም ሰነዳቸውን ይዘው መጡ። ፊርደውስ «ብዛት፣ አንድ» የሚለውን አነበበችና የራሷን ከጠረጴዛዬ አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች።

«ፊርዱ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ከአንተ ጋር አልወዳደርም።»

«የማልፍሽ መስሎሽ ነው?»

«እኔ እንዳላልፍህ ነው፣ አቦ!» አለችና ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ያንን ፊት እኔ ብቻ አየሁት።

ሰነዱን ኮፒ አድርጌ የምጠርዘው እኔ ነኝ። ማስታወቂያ ደግሞ እስከ መጨረሻው አንብቤ አላውቅም፤ ሁሉንም በቃሌ አውቀዋለሁ ብዬ። እነሱ ዐናብ ጋ ሻይ ሲጠጡ ለሪድዋን ያንን የሥራ ልምድ ደብዳቤ ጻፍኩ። «በ12 ኮምፒውተሮች ላይ ሦስት ዓመት በኃላፊነት የሠራ» አልኩ። ማኅተም አሳረፍኩ፤ ከሁሉ ወረቀት በስተኋላ አስገብቼ ጠረዝኩት። ዕንባ ቀረሽ ደስታ ነበር የተሰማኝ።

ሪድዋን በጽሑፍ ፈተናው አንደኛ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ተመረጡ። ከሁለት ቀን በኋላ ግን ሁለቱ አንድ ወረቀት ይዘው ገቡ። ፊርደውስ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። የእኔ ደብዳቤ ነው።

ማስታወቂያው መጨረሻ ላይ «ከዚህ በፊት ተቀጥሮ የማያውቅ» ይል ኖሯል። ሰነድ የሚያጣራው ሰው ደብዳቤውን አግኝቶ «ወይ ሦስት ዓመት ተቀጥረሃል፣ ወይ ሐሰተኛ ሰነድ አቅርበሃል፤ በሁለቱም ወድቀሃል» ብሎታል።

«እኔ አላስገባሁትም፣ ፊርዱ» አለ ሪድዋን።

እሷ የምታየው እኔን ነው። «ጋሽ አድማሱ፣ ይሄን ወረቀት ማን ጠየቀዎት?»

እውነቱን ብናገር ፈቃዴ ይነጠቃል፤ ምናልባትም እታሰራለሁ። ደግሞ ከሃያ ዓመት በኋላ ተሳሳትኩ ማለት በአፌ አልመጣ አለ። ደረቴን ነፋሁ።

«እኔ ሰው ሳይጠይቀኝ ማኅተሜን ከመሳቢያ አላወጣም» አልኩ።

ሪድዋን አየኝ። መጮኽ ይችል ነበር። «ጋሽ አድማሱ» ብቻ አለ። ካቻቢቴውን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና ወጣ። ፊርደውስ በዚያው በር፣ በሌላው አቅጣጫ ሄደች።

በሳምንቱ አዲጋላ መሄዱን ሰማሁ። አዲሱ የባቡር ሐዲድ የሚሠራበት ቦታ የመጋዘን ጥበቃ ሆኗል። ዲግሪውን ማንም አልጠየቀውም።

ጥር ላይ ፊርደውስ መጣች። የራሷንና የድሬዳዋውን ሰው መታወቂያ ሰጠችኝ። «ሁለት ሁለት ኮፒ። ጋብቻ ቀበሌ ለማስመዝገብ ነው።»

«ኒካው ታሰረ?»

«ዐርብ።»

ማሽኑ እስኪሞቅ ቆምን። ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ አወጣሁት። ደብዳቤውን እኔ እንደጻፍኩት፣ እሱ እንዳላየው፣ እንደፈራሁ ነገርኳት።

«ይሄስ ከማጋነንዎ አይደለም? ለእሱ አዝነው ይሆናል» አለች።

«ወላሂ በሉ ካልሽኝ እላለሁ።»

«አይማሉ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ስንት ኮምፒውተር አለዎት?»

አፌ «አሥራ» ብሎ ጀመረ። ዋጥኩት።

«አንድ» አልኩ። «እሱም ሪድዋን የጠገነው።»

አግዳሚው ላይ፣ የድሮ ቦታዋ ተቀመጠች። ወንበሩ ግማሹ ባዶ ነበር። «ያን ቀን እንዲህ ብለውኝ ቢሆን» አለች፤ አልጨረሰችውም።

ዕንባዋን በሻርፗ ጠርጋ ስታበቃ፣ «ይጻፉ» አለችኝ። «እውነተኛውን። እኔ የምልዎትን ብቻ።»

ጻፍኩ። «አቶ ሪድዋን በድርጅታችን ውስጥ፣ በአንድ ኮምፒውተር ላይ፣ አሥራ አራት ወር፣ ያለ ደመወዝ፣ በታማኝነት ሠርተዋል።» በሕይወቴ ከጻፍኩት ሁሉ አጭሩ ነው። ከታች የተለመደው መስመር ቀረ።

«የለቀቁበት ምክንያት ምን ይባል?»

ወደ በሩ አየች። አንድ ባጃጅ አለፈ። ከዐናብ ቤት ብርጭቆ ሲታጠብ ይሰማል።

«ባዶውን ይተዉት» አለች።

እጄ ከቁልፎቹ በላይ ተንጠልጥሎ ቆየ። ተውኩት። ደብዳቤውን ወደ አዲጋላ በሚሄድ የጭነት መኪና ላክሁት፤ ሾፌሩ ለሪድዋን በእጁ ሰጠሁት አለኝ። አንብቦ አጥፎ ኪሱ ከተተው አለኝ።