ሁለት ዓመት ሸራ የለበሰችው ትራክተር

ይህ የደረሰው በእኔው ላይ ነው። ከሰው የሰማሁት አይደለም፣ ከሌላ ቻናል የቀዳሁትም አይደለም።

ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ቦታው ጅቡቲ ከተማ፣ ካርቲየ 7 ቢስ፣ የራሴ ጋራዥ ግቢ።

"በቀን ደግሞ ምን አስፈሪ ነገር አለ?" የምትሉ ካላችሁ ጅቡቲን አታውቋትም። ሰባት ሰዓት ላይ ጫት ይገባል። ከዚያ እስከ አስር ሰዓት መንገድ ላይ ድመት እንኳ አይታይም። ሱቁ ዝግ፣ በሩ ዝግ፣ ሰው ሁሉ ጥላ ውስጥ ተወሽቋል።

"ሙቀቱ ነው ጭንቅላትህን የመታህ" ብላችሁ ኮሜንት ልትጽፉ ከሆነም ተዉት። እዚህ አገር ሰባት በጋ አሳልፌያለሁ። ሙቀት ሰውን ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ።

ደግሞ እስካሁን ተናድጃለሁ። 

ወሰኑ እባላለሁ። የባቲ ልጅ ነኝ። ጄኔሬተር፣ የውሃ ፓምፕ፣ የጀልባ ሞተር እጠግናለሁ። እኔም ወደ የመን ልሻገር መጥቼ ነው እዚሁ የቀረሁት።

ታናሽ ወንድሜ ቶላ ግን አልቀረም። ከሁለት ዓመት በፊት መጣ፣ እኔና ባለቤቴ ሲምቦ ጋ አስራ አንድ ቀን ሰነበተ፣ አንድ ማለዳ በጀልባ ሄደ። ለምኜው ነበር። አልሰማኝም።

በማግስቱ እኔ ትርፍ አንጀት ታምሜ ኦፕሬሽን ሆንኩ። ከሆስፒታል ስወጣ ሐጂ ዓብዱልመጂድ ወሬ ይዘውልኝ መጡ። ሐጂ የድሬዳዋ ነጋዴ ናቸው። እዚሁ ከተማው ዳር፣ አምቡሊ፣ የአትክልት ቦታ አላቸው። እዚህ ላለነው ስደተኞች እንደ አባት ነበሩ።

"ተሻግሯል ልጄ። ሳዑዲ ሲገባ ግን ያዙት። እስር ቤት ነው፣ ስልክ አይፈቀድም" አሉኝ።

አመንኳቸው። ለእናቴም እንዳለ አስተላለፍኩላት።

ሁለት ዓመት ሙሉ የወንድሜን ድምፅ ለመስማት ስጠብቅ ኖርኩ። ዒድ በመጣ ቁጥር ልብስ ገዝቼ "በሰው ይላኩልኝ" ብዬ ለሐጂ እሰጣለሁ። ይቀበሉኛል። ከሳምንት በኋላ "ደርሶታል፣ ሰላም ብሎሃል" ይሉኛል።

ሐጂ ግቢ ጥግ ላይ አንዲት ሸራ የለበሰች ትንሽ ትራክተር ነበረች። ሰፊ እርሻ የሚያርሰው ትልቁ ዓይነት አይደለችም። ለአትክልት ቦታ የምትሆን፣ አንድ ሰው ብቻ የሚቀመጥባት፣ ከኋላዋ ትንሽ ተጎታች ያላት ናት። ሁለት ሦስቴ "ይስጡኝ ላስነሳት" ብያቸዋለሁ።

"ተዋት" ይሉኛል፣ ፊታቸውን አዙረው።

ባለፈው ሐምሌ ሐጂ ለሕክምና ድሬዳዋ ሄዱ። ልጃቸው ሳቢት ትራክተሯን በፒካፕ ጭኖ አመጣልኝ።

"አባቴ ሳይመለስ አስነሳት አቦ። ሱርፕሪዝ ላድርግለት" አለኝ።

ሳቢት ከፈረንሳይ ከመጣ ገና ወሩ ነበር። ምንም አያውቅም።

ሥራ ጀመርኩ። ጎማዎቹ ተሰነጣጥቀዋል። ቺንጋውን አይጥ በልቶታል። ሞተሩን በእሳት የሚያስነሳው ካንዴላ ዝጎ ተጣብቋል። እስከዚህ ድረስ ያለ ነው፣ የቆመ ማሽን ሁሉ እንዲህ ይሆናል።

የቤንዚን ታንከሩን ፈትቼ ስገለብጠው ግን... ውሃ ነው የወጣው።

በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት።

ጨው ነው።

"ማነው የባሕር ውሃ ታንከር ውስጥ የጨመረ በግ?" ብዬ ብቻዬን ተሳደብኩ። አጠብኩት። ፀሐይ ላይ አደረቅኩት።

በማግስቱ ስከፍተው እስከ ግማሹ ሞልቷል...

ወንበሯም እንደዚያው። አርባ ሦስት ዲግሪ ሙቀት ነው፣ ብረት ሲነኩት እጅ ይልጣል፣ ወንበሯ ግን እርጥብ ነው። በጨርቅ እጠርጋለሁ። ዞር ስል ይረጥባል።

መሪውን ቀጥ አድርጌ እሄዳለሁ። ስመለስ ወደ ባሕሩ ዞሮ አገኘዋለሁ።

የሰፈር ልጆች ናቸው ብዬ በሩን ቆለፍኩ።

ያም ሆኖ ዞረ።

በሦስተኛው ቀን ሲምቦ ምሳዬን ይዛ መጣች። ትራክተሯን ስታይ በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች።

"ይሄን ማን አመጣው?" አለች በሹክሹክታ።

"ሳቢት። ምነው?"

"መልሰው።"

"ለምን?"

"ዝም ብለህ መልሰው ወሰኑ... በአላህ ይዤሃለሁ።"

ሳህኑን መሬት ላይ አስቀምጣ ሄደች። ሲምቦ ምግብ መሬት ላይ አስቀምጣ አታውቅም።

ደሜ ፈላ። በገዛ ጋራዤ፣ በገዛ ሥራዬ፣ ምክንያቱ እንኳ ሳይነገረኝ "መልስ" ልባል? ምሳውንም ጫቱንም ትቼ በእልህ ሠራሁ። ካርቡሬተሩን አጥቤ መለስኩ። አዲስ ቺንጋ አስገባሁ። ካንዴላው ብቻ ነበር የቀረው። አዲሱ ካንዴላ ኪሴ ውስጥ ነው።

ስምንት ሰዓት ሆነ። ሰፈሩ ጭጭ አለ።

ከሥሯ ተኝቼ ዘይት ያፈስ እንደሆነ እያየሁ ነበር...

ቱፍ...

ቱፍ... ቱፍ...

ሞተሩ ተነሳ።

ካንዴላው ኪሴ ውስጥ ነው እኮ። ቤንዚን አልጨመርኩም። ባትሪውም አልታሰረም።

ከተኛሁበት ሆኜ ፔዳሉን አየሁት። ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ። የሚረግጠው እግር የለም።

ጠብ... ጠብ...

ከወንበሩ ውሃ ግንባሬ ላይ ይንጠባጠባል። ቀዝቃዛ ነው። በሐምሌ ጅቡቲ ውስጥ እንዲህ ያለ ቀዝቃዛ ውሃ ከፍሪጅ እንኳ አይወጣም።

"ማነው?" አልኩ።

ሞተሩ ጠፋ።

"በረደኝ" አለ አንድ ድምፅ፣ ከላዬ።

አወቅኩት። አንድ አልጋ ላይ አብሮኝ ያደገ ድምፅ ነው።

"ቶላ?"

ጠብ...

"አንተ... መቼ ለቀቁህ?"

አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ለአፍታ ደስ ብሎኝ ነበር። ከእስር ተፈቶ የመጣ መሰለኝ። ሰው የሚናፍቀውን ሲሰማ ማሰብ ያቆማል።

ድምፁ ግራ እንደገባው ሰው በሹክሹክታ ጠየቀኝ...

"እስካሁን አልነገሩህም?"

ተንፏቅቄ ወጣሁ። ወንበሩ ላይ ማንም የለም።

ቤቴ ድረስ በባዶ እግሬ ሮጥኩ። አስፋልቱ ሲያቃጥለኝ እንኳ አልተሰማኝም።

"ምንድነው ያልነገራችሁኝ?" አልኳት ሲምቦን።

አልካደችም። ከቆመችበት ቁጭ አለችና ነገረችኝ። ጀልባዋ ብዙም ሳትርቅ ነበር የተገለበጠችው። ባሕሩ ሬሳዎቹን ከከተማው ወጣ ያለ ዳርቻ ላይ መለሳቸው። ሐጂ ሲሰሙ ትራክተሯን አስነሱና ሄዱ። ሬሳዎቹን በተጎታቿ እያመላለሱ ቀበሩ። ከመካከላቸው አንዱን አወቁት። ከዚያ ቀን ወዲህ ትራክተሯን የነዳት የለም።

"ለምን አልተነገረኝም?"

"ቁስልህ አልደረቀም ነበር። ሐጂ 'ለመርዶ ጊዜ አለው፣ መጀመሪያ ይዳን' አሉ። ስትድን ጾሙ ገባ። ከዚያ ዒድ ሆነ። ከዚያ... አፌ እምቢ አለኝ።"

እኛ እንዲህ ነን። ሰው ሲሞትብን ከሞቱ ይልቅ መርዶውን እንፈራለን። "ዛሬ ይደር" እንላለን። ሲያድር ይከብዳል። ሲከብድ በውሸት እንደግፈዋለን።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ለእኔ ግን በቀትር ነው የጠራልኝ፣ ያውም በሟቹ አፍ።

ቆሽቴ አረረ። ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ሻይ የምትሸጥልኝ ሴት ታውቃለች። ጸጉሬን የሚቆርጠኝ ያውቃል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፣ እኔን ንቀውኛል። እኔ ጅሉ ለሞተ ሰው ሸሚዝ ሳማርጥ፣ "ሰማያዊ ይወዳል" ስል፣ ሁሉም አንገታቸውን ይነቀንቁልኝ ነበር።

ሐጂ በሳምንቱ ተመለሱ። በማለዳ፣ እንደ ደንቡ፣ ሦስት ሽማግሌ አስከትለው መጡ። ግቡ አላልኳቸውም።

"አሁን ነው የሚመጡት?"

"በእነዚህ እጆቼ አጥቤዋለሁ ልጄ። ወላሂ፣ እንደ ሳቢት አድርጌ ነው የቀበርኩት።"

"መቅበርዎን መች ጠላሁ? ሰላም ብሎሃል ያሉኝን ይንገሩኝ። ልብሶቹንስ የት አደረጓቸው?"

"ሰደቃ ሰጠኋቸው... በስሙ።"

አለቀሱ። ሽበታሙ ጺማቸው ራሰ። አላዘንኩላቸውም። እስካሁንም ይቅር አላልኳቸውም፣ ይቅር በል ብላችሁ አትምከሩኝ።

ሊሄዱ ሲሉ ዞር አሉ።

"እናትህንስ ማን ይነግራታል?"

"እኔ። እንደ እናንተ አልዋሽም።"

በዚያው ቀን ትራክተሯን ጨረስኳት። ካንዴላውን አጠበቅኩ። ቤንዚን ሞላሁ። በመጀመሪያው ተነሳች፣ ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሯ ደረቅ ነበር። ሐጂ የመቃብሩን ምልክት ነግረውኝ ስለነበር እየነዳኋት ወደ ባሕር ዳርቻው ሄድኩ።

ድንጋዮች በተርታ ቆመዋል። ስም የለባቸውም። የቶላ ከዳር የመጀመሪያው ነው። አጠገቡ ቁጭ ብዬ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። በመሃል በመሃል እሰድበዋለሁም። አትሂድ ስልህ ብትሰማኝ ኖሮ...

ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬን አውጥቼ ባቲ ደወልኩ።

"ወሰኑ?" አለች እናቴ። ብቻዋን ነው የምትኖረው። "ድምፅህ ምነው? ልጄ ምን ሆነ?"

"እማዬ..."

"ቶላ ምን ሆነ?"

ትንፋሿ ሲቆራረጥ ሰማሁት። እውነቱን ልነግራት ነበር የደወልኩት። መቃብሩ አጠገብ ተቀምጬ፣ እጄን ድንጋዩ ላይ አድርጌ...

"ተፈቷል እማዬ። በቅርቡ ይመጣል" አልኳት።

አዎ። እኔ ነኝ ያልኩት። ሐጂን ከደጄ ያባረርኩት እኔ። ከሁሉም በላይ የተናደድኩት በዚህ ሰውዬ፣ በራሴ ላይ ነው።

እናቴ እልል ልትል መሰለኝ። 

"ቆይ እስቲ" አለች ግን። "በር ተንኳኳ።"

"ማነው?" አልኩ።

የነጠላ ጫማዋ ድምፅ ይሰማኛል። ስልኩን እንደያዘች እየሄደች ነው።

"ማነው?" አለች እሷም።

ከዚያ የሆነ ነገር የምታዳምጥ ይመስል ቆመች... ሳቀች። ቶላ ከሄደ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም።

"እማዬ፣ ዋሽቼሽ ነው። ስሚኝ... አትክፈቺ። ቶላ የለም። ዋሽቼሽ ነው እማዬ..."

አልሰማችኝም።

መወርወሪያው ሲሳብ ሰማሁ። የቆርቆሮው በር ሲንቋቋ ሰማሁ።

"ግባ የኔ ልጅ... ምነው እንዲህ ረጠብክ?" አለች እናቴ።

ከዚያ በሩ ከውስጥ ሲቀረቀር ሰማሁ።