የኋላ ተኳሹ ደብዳቤ

ዴስመንድ ተርልቢ ጓሮው ውስጥ በሠራው የዕቃ ቤት በጀርባው ተዘርሮ ተገኘ። ከአሮጌ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ተነቅሎ የመጣው የተኳሽ መቀመጫ የብረት ጠርዝ ደም ነክቶታል። ኢንስፔክተር ሩት ኦልደርሾ ሬሳውን አንዴ አየችና ዓይኗን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የተሰቀለው ሁሉ በዓለም ጦርነቱ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን የኋላ ተኳሽ የነበረውና በርሮ ያልተመለሰው የሲረል ሃዶው ንብረት ነው፤ ቦት ጫማው፣ ጓንቱ፣ የበረራ መዝገቡ። ተርልቢ ሃያ ሁለት ዓመት ለቅሞ ነው የሰበሰበው። በመስታወት ሣጥን ውስጥ ደግሞ ሃዶው «ካልተመለስኩ ለባለቤቴ ይሰጥ» ብሎ የተወው ደብዳቤ አለ። ሚስቱ ሴት ልጅ ወልዳ በወሊዱ ስለሞተች፣ ደብዳቤው እንደታሸገ ሰማንያ ዓመት አልፎታል።

«ሬሳውን መቼ አገኙት?» አለች ሩት።

«አስራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከገበያ ስመለስ» አለች የተርልቢ ሚስት ሞሪን። «የወጣሁት ዘጠኝ ተኩል ነው።» አላለቀሰችም። እጇን እያየች ነበር።

ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ ጠጋ አለ። «እኔ ስደርስ እዚያ ጥግ ያለው የሻይ ማንቆርቆሪያ ሞቆ ነበር፣ ኢንስፔክተር።»

ሩት ኩባያዎቹን አንድ በአንድ ገለበጠቻቸው። ሁሉም ደረቅ ናቸው።

አንድ ጎረቤት በዚያ ቀን ተርልቢ ሲጨቃጨቅ ሰምቶ ነበር፤ ጭቅጭቁ እንደ እሱ የጦርነት ዕቃ ከሚሰበስበው ከክላይቭ ፓስክ ጋር ነበር።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተሰዳድበን ተለያየን» አለ ፓስክ። «ከዚያ ቢራ ቤት ነበርኩ፤ ይጠይቁ። ሽማግሌው እኮ ግትር ነው! ደብዳቤውን ሽጥልኝ ብዬው እምቢ አለ።»

«ከፍተው ሊያነቡት?»

«እኔ? አጠገቡ እንኳ አላስነጥስም! ከተከፈተ ምን ዋጋ አለው?»

የተኳሹ ልጅ ኢኒድ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ ብቻቸውን ይኖራሉ። ሩት ሄዳ አነጋገረቻቸው።

«አባቴን አላየሁትም። እናቴንም አላውቃትም» አሉ፣ መስኮቱን እያዩ። «ሆድ ውስጥ ሳለሁ ‹ድንቢጢቱ› ይለኝ ነበር።»

ሩት ማስታወሻዋ ላይ አንዲት ቃል ጻፈች።

በማግስቱ ሦስቱን በዕቃ ቤቱ ሰበሰበቻቸው።

«በዚህ አገር ውሃ አፍልቶ ሻይ የማይጠጣ ሰው አላውቅም» አለች። «ውሃው የፈላው የፖስታውን ሙጫ ለሚያላቅቀው እንፋሎት ነው። ፖስታው ተኮማትሯል፤ ሙጫው ትናንት ገና አልደረቀም ነበር። ደብዳቤው ተከፍቶ ተነቧል፣ ተመልሶም ታሽጓል። ሌባ ቢሆን ይዞት ይሄድ ነበር። ሚስተር ፓስክ ደግሞ ዋጋውን አይገድልም፤ ቢራ ቤቱም መስክሮለታል። ይህን ያደረገ ሰው የፈለገው ቃሉን ነው።»

«እኔን ነው የምትይው» አሉ ኢኒድ።

«ቃሉን ያውቁታል። ‹ድንቢጢቱ› የሚለው ደብዳቤው ውስጥ ብቻ ነው፤ ዛሬ ጠዋት አንብቤዋለሁ። ግን እርስዎ እዚህ አልነበሩም። ትናንት አስር ሰዓት ላይ እዚህ ዕቃ ቤት ካለው ስልክ ወደ ቤትዎ ተደውሏል። ስድስት ደቂቃ አውርታችኋል። ወይዘሮ ሞሪን፣ በዚያ ሰዓት ገበያ ነበርኩ ብለውኛል።»

ሞሪን ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ኢኒድ ሦስቴ መጥታ ለመነችው» አለች። «‹ከተከፈተ ይረክሳል› አላት። ሃያ ሁለት ዓመት የዚያን ወጣት ተኳሽ ጓንት አቧራ ስጠርግ ኖርኩ፤ የገዛ ልጁ ግን የጻፈውን አታውቅም። ትናንት ውሻውን ይዞ ሲወጣ ከፈትኩት። ደውዬ እያነበብኩላት መጣ። ሊነጥቀኝ ሲል ገፋሁት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንብቤ ጨረስኩላት።»

ፓስክ ኮፍያውን አወለቀ።

«ድምፅ ሰምቻለሁ» አሉ ኢኒድ ቀስ ብለው። «‹ምንድን ነው?› ብላት ‹ምንም፣ ዕቃ ወድቆ ነው› አለችኝ።»

ሞሪን አራት ዓመት እስር ተፈረደባት። ኢኒድ በየወሩ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ይጠይቋታል። ፊት ለፊት ይቀመጣሉ።

«ይበርድሻል እንዴ?»

«አይ፣ ደህና ነው።»

ከዚያ የጥየቃ ሰዓት ማብቂያ ደወል ሲደወል ኢኒድ ለሚቀጥለው ወር ተሰናብተው ይነሣሉ።