ክዳኑ ሲከፈት

«ሰገንዬ፣ ፋራ አትሁኚ። ማን ያየዋል?» አለ አዘዘ በሹክሹክታ።

ሰገነት ግን አይታዋለች። ብረት በጨረር የሚቆርጠው የሌዘር ማሽን ክዳኑ ሲከፈት ቀጥ እንዲል የሚያደርገውን ማጥፊያ በብስክሌት ጎማ ቁራጭ ጥፍር አድርጎ አስሮታል። የጣና እርጥበት ሌንሱን ጉም ያለብሰዋል፤ ያኔ የማሽኑ ጉልበት ይወድቃል። አጥፍቶ መጥረግ ደግሞ ሥራ ያስፈታል። ስለዚህ አዘዘ አንዱን ብረት ቆርጦ ሌላውን እስኪያስገባ ድረስ ማሽኑን ሳያጠፋ ከፍቶ ይጠርጋል።

«ትናንት ጋሽ ዳኘው ፍታው ሲሉህ ‹ፈታሁት› አልሃቸው እኮ!»

«የምንቆርጠው የብረት ኮከብ ለአብዮት በዓል ካልደረሰስ? ዝም በይ በእናትሽ! የአጎቴን ነገር ታውቂ የለ?»

ታውቃለች። አጎቱ ፋብሪካ ውስጥ ሞተር ተቃጠለበትና «አሻጥረኛ» ተብሎ እንደወጣ ቀረ።

የወርክሾፑ በር ተከፈተ። መምህራቸው ጋሽ ዳኘው ካድሬውን ጓድ ወልደ ሐዋርያትን እየመሩ ገቡ። ሰገነት ዓይኗን ማሽኑ ላይ ተከለች። ይህ ጨረር እንደ እሳት አይታይ፣ «ሽሹ» አይል! ጋሽ ዳኘው አንድ ቀን ጣውላ አስገብተው አሳይተዋቸው ነበር፤ ባዶ በሚመስል አየር መሀል ጣውላው ጨሰና ተበሳ። ያ ጣውላ የሰው እጅ ቢሆንስ?

አዘዘ ማሽኑን አስነሳ። ብረቱ ፍንጣሪ ይረጭ ጀመር።

«አደጋ የለውም?» አሉ ጓድ ወልደ ሐዋርያት፣ ራቅ ብለው ቆመው።

ጋሽ ዳኘው ሳቁ። «ኧረ ይቅረቡ፣ ጓድ! ክዳኑ ገና ሲከፈት ራሱ ይጠፋል። ይኸው፣ እጄን አስገብቼ ላሳይዎ።» እጅጌያቸውን ሰበሰቡ።

ሰገነት ወደ አዘዘ ዞረች። ከንፈሩ ደርቋል፤ ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ይለምናታል። ጋሽ ዳኘው የክዳኑን እጀታ ያዙ።

ሰገነት ሮጣ ቀዩን የአደጋ ማቆሚያ ቁልፍ በመዳፏ ተጫነችው።

ማሽኑ ዝም አለ። የሐይቁ ወፎች ድምፅ ከውጭ ተሰማ።

«ማነው ያጠፋው?» ጮኹ ጓድ ወልደ ሐዋርያት።

«እኔ ነኝ።»

«ምን ሆነሽ ነው፣ ልጄ?» አሉ ጋሽ ዳኘው ደንግጠው። «በይ ልቀቂው፣ ይነሳ።»

ማጥፊያውን ማን አሰረው ብለው ቢጠይቋት የምትመልሰውን ገና አላወቀችም። አዘዘን ቀና ብላ ለማየትም ፈራች።

«መጀመሪያ ጎማው ይፈታ፣ ጋሼ» አለች፣ መዳፏን ከቁልፉ ላይ ሳታነሳ።