ሁለት ኩባያ ሻይ ለአዲሱ ቤት

ባንታየሁ ናይሮቢ፣ ኢምባካሲ ሰፈር ካለው ምግብ ቤቱ የጓሮ ደረጃ ሥር አንገቱ ተቀጭቶ የተገኘው ዓርብ ጠዋት ነው። ፖሊስ ደረጃውን አየ፤ «ተንሸራትቶ ነው» አለ፤ አስከሬኑን ጭኖ ሄደ።

ሚስቱ አጸደ ግን ምሥራቅን አስጠራች። ምሥራቅ አዲስ አበባ ሳለች የወንጀል መርማሪ ነበረች፤ ናይሮቢ ከመጣች ወዲህ ለአንድ ኢንሹራንስ የአደጋ መንስኤ ታጣራለች። ሰው ማባበል አትችልበትም።

«ከሰዓት ጠበቃ ዘንድ እፈርማለሁ» አለች አጸደ። «ምግብ ቤቱን ሸጠን ዲያኒ፣ ባሕሩ ዳር፣ አዲሱን ቤት ልንገዛ።»

«ባልሽ በሞተ ማግስት?»

«አሻሻጩ ወንዴ ዛሬ ካልፈረምሽ ለሌላ ይሰጡታል አለኝ። ባንታየሁ ወንድሜ የሚያሻሽጠውን አሮጌ ቤት ነበር የሚፈልገው፤ ትናንት ማታ ግን ሐሳቡን ቀይሯል ይላል። የባሌ የመጨረሻ ቃል ያ ከሆነ እፈርማለሁ። ውሸት ከሆነ ግን ከነልጄ ሜዳ ላይ መቅረቴ ነው። ያለን ይሄ ምግብ ቤት ብቻ ነው።»

ምሥራቅ በፊት ለፊት በር ገባች። በሩ ላይ በባንታየሁ ጉልህ ጽሕፈት «ፍልሰታ ስለገባ ከሐሙስ ጀምሮ የጾም ምግብ ብቻ» የሚል ካርቶን ተሰቅሏል። የባንታየሁ ቢሮ ፎቅ ላይ ነው። ጠረጴዛው ላይ ባዶ የሆኑ ሁለት ኩባያዎች ነበሩ፤ የሁለቱም ሥር ላይ የወተት ስስ ቆዳ ደርቋል። አጠገባቸው የተከፈተ የወተት ፓኬት። ወረቀት እንዳይበተን የተጫነበትን ብረት አነሳችው። የበር ማጠፊያ ነው፤ ጫፉ የዓሣ ጭራ ይመስላል። ነጩ ቀለም ገና ያብረቀርቃል። በጥፍሯ ስትፍቀው ከሥሩ ያለው ብረት በዝገት ተበልቶ አገኘችው።

መጀመሪያ የሟቹን ልጅ ሮሃን ጠራች። ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች ናት።

«አባዬ ከሰዓት ደውሎ ‹ማዚዋ አምጪልኝ› አለኝ። ከዱካው፣ ከሱቁ፣ ወተቱን ገዝቼ ሰጠሁት፤ ከዚያ ማታቱ ታክሲ ይዤ ካሳራኒ፣ ቤት ገባሁ። ዛትስ ኢት።»

«አዲሱን ቤት ልታዩ ዲያኒ ስትወርዱ ፎቶ አንስተሻል?»

«ኦፍ ኮርስ። ግን ሁሉም ሴልፊ ነው።»

ከአንዱ ሴልፊ በስተጀርባ የቤቱ በር ይታያል። ምሥራቅ ምስሉን አጉልታ አየችውና ስልኩን ከእጇ ሳታወጣ ቀጣዩን ጠራች።

የአጸደ ወንድም ዮፍታሄ ገና ሳይቀመጥ ጀመረ። «አውቃለሁ፣ ሁሉም እኔን ነው የሚያየው። አሮጌውን ቤት የማሻሽጠው እኔ ነኝ፤ ባንታየሁ ወደ አዲሱ ከዞረ እኔ ነኝ የምናደደው፣ አይደል?»

«አዎ። ተናድደሃል?»

«መዞሩን ዛሬ ነው የሰማሁት! የቤቱን ስንጥቅ፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ፣ ሁሉን አሳይቼዋለሁ። እሑድ ደግሞ ለብቻው ዲያኒ ደርሶ መጣ። ምን አየህ ብለው ‹መጀመሪያ ወንዴን ላናግረው› አለኝ።»

በመጨረሻ ወንዳፍራሽ ገባ። የአዲሱ ቤት አሻሻጭ፣ የጴንጤ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ከስደተኛ ካምፕ ጀምሮ የባንታየሁ ወዳጅ ነው። ዓይኖቹ በእውነት ቀልተዋል።

«እንደ ሁልጊዜዬ በጓሮው ደረጃ ወጣሁ። አስረዳሁት፤ አመነ። ሻይ አፈላና አብረን ጠጣን። ኩባያውን አንስቶ ‹ለአዲሱ ቤት!› አለኝ።»

«እሱም ጠጣ?»

«ጥርግ አድርጎ። እኔ ከወጣሁ በኋላ ማን እንደመጣ ግን...» በሩን፣ ዮፍታሄ የወጣበትን፣ አየት አደረገ።

ምሥራቅ ስልክ ደወለች። ከዚያ አራቱንም ታች፣ መመገቢያ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አጸደ የምትፈርምበትን ወረቀት በቦርሳዋ ይዛለች።

«አላራዝምም» አለች ምሥራቅ፤ ማጠፊያውን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። «ይህን ባንታየሁ እሑድ ዕለት ከአዲሱ ቤት ነቅሎ አመጣው። የሮሃ ሴልፊ ላይ ተመልከቱ፤ ያው የዓሣ ጭራ፣ ያው ነጭ ቀለም። ቀለሙ አዲስ ነው፤ ብረቱን ግን የባሕር ጨው ለዓመታት በልቶታል። አዲሱ ቤት አዲስ አይደለም። አሮጌ ቤት ለስነው፣ ቀብተው ነው አዲስ ያስመሰሉት።»

«ዋት?» አለች ሮሃ።

«ይህን በእጁ የያዘ ሰው ደግሞ በዚያ ቤት አይስማማም። ታዲያ ‹ለአዲሱ ቤት› ብሎ ሻይ የጠጣው ማነው?»

ወንዳፍራሽ ተቆጣ። «ኩባያዎቹን አላየሽም እንዴ?»

«አይቻለሁ። ሁለቱም ወተት አለባቸው። ባንታየሁ ሲጾም ወተት ይቀምሳል?»

«ምን ጾም? ሐሙስ ነበር እኮ! ጾማችሁ ረቡዕና ዓርብ ነው!»

አጸደ ቀስ ብላ ወደ እሱ ዞረች።

«ፍልሰታ ትናንት ገብቷል» አለች ምሥራቅ። «ማስታወቂያው ፊት ለፊት በር ላይ ነው፤ አንተ በጓሮ ነው የገባኸው። ስለዚህ ባንታየሁ አልጠጣም። ሁለተኛውን ኩባያ የቀዳኸው አንተ ነህ፤ እሱ ደረጃው ሥር ወድቆ ሳለ። አጸደ እንድትፈርም፣ ጥርጣሬውም ዮፍታሄ ላይ እንዲያርፍ። ብረቱን ግን ወረቀት መጫኛ መስሎህ ተውከው።»

«የነቀለውን አላሳየኝም... ‹ለራስህ ቤተሰብ ትሸጠዋለህ?› አለኝ እንጂ። ደረጃው ድረስ ተከትሎኝ ወጣ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ እናገራለሁ ሲል ገፋሁት። አንዴ ነው የገፋሁት» አለ ወንዳፍራሽ። ወደ አጸደ ተጠጋ። «አጸድዬ፣ እዚህ አገር እኮ ወሩም፣ ቀኑም ይጠፋብናል። ጾም መግባቱን በምን ልወቅ?»

አጸደ ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት ቀደደችው።

«ማወቅ አይጠበቅብህም ነበር» አለችው። «ጾም በገባ ቁጥር እሱ ጥቁሩን ይጠጣል፤ ለአንተ ግን ለብቻ በወተት ያፈላልሃል። ስንት ዓመት! አንድ ቀን እንኳ የእሱን ኩባያ አላየህም?»

በሩ ተንኳኳ። ምሥራቅ የጠራቻቸው ፖሊሶች ናቸው።

«ትናንት ሮሃን ወተት ያስገዛት ለአንተ ነው» አለች አጸደ። «ቤቱ የውሸት መሆኑን እያወቀ።»