ማንም ያልተጫናት ቁልፍ

ተረት አይደለም። ያላመነ አይመን፤ እኔ ግን ከራሱ ከሰውዬው አፍ ነው የሰማሁት።

ጊዜው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት... ቦታው መስኮት የሌለው የቲያትር አዳራሽ። እዚያ ውስጥ ቀንም ጨለማ ነው።

መብራተኛው ደክሞታል። ዕድሜውን ሙሉ መብራት ሲያበራና ሲያጠፋ ወገቡ ተቆርጧል። ስለዚህ ሚዲ ኪቦርድ የሚሉትን፣ ፒያኖ የሚመስል ትንሽዬ መሣሪያ፣ በኮምፒውተር አድርጎ ከመድረኩ መብራቶች ጋር አገናኘ። አንድ ቁልፍ ሲጫን አንድ መብራት ይበራል፤ ለስለስ አድርጎ ሲጫን ብርሃኑም ይለሰልሳል። ኮምፒውተሩ የተጫነውን ሁሉ ይቀዳና በኋላ ራሱ ይደግመዋል።

"ከእንግዲህ ማሽኑ ይልፋ፤ እኔ ልረፍበት" አለ።

መድረኩ ላይ የቆመችው ሚስቱ ናት። ተዋናይ ናት፤ እሷም እንቅልፍ ካጣች ሰንብታለች። የሥራዋ ሕግ ቀላል ነው... ብርሃን ወዳለበት ትሄዳለች፤ ሲጨልም ባለችበት ትቆማለች።

እሱ ከላይ፣ ከመብራት ክፍሉ ሆኖ የቀዳውን ከፈተው። አንደኛው መብራት በራ፤ ሄደች። ሁለተኛው... ሦስተኛው...

አራተኛ አልቀዳም ነበር።

ግን በራ። ቀስ ብሎ... መድረኩ ጫፍ አካባቢ። ከጫፉ በታች ደግሞ ሙዚቀኞች የሚቀመጡበት ጥልቅ ጉድጓድ አለ።

ኪቦርዱን አየ። አንዷ ቁልፍ ወደ ታች ተጭናለች... ማንም አልነካትም።

"አንቺዬ፣ ቁሚ!"

"ብርሃኑ እኮ ወዲህ ነው..." አለች በእንቅልፍ ድምፅ።

የኪቦርዱን ገመድ ነቀለ። ብርሃኑ አልጠፋም። ጭራሽ ሌላ በራ፤ ለጫፉ ይበልጥ የቀረበ።

እሷም ተራመደች።

ነፍሱ ልትወጣ ደረሰች። ዘሎ የአዳራሹን መብራት በሙሉ የሚያቋርጠውን ዋና ብሬከር አወረደው።

ድርግም።

በስልኩ መብራት እየተመራ፣ እየተደናቀፈ ወረደ። ጫፉ ላይ ቆማለች፤ የአንድ እግሯ ጣቶች አየር ላይ ናቸው። ክንዷን አፈፍ አድርጎ ያዘ።

"ተረፍሽልኝ" አለ። "በቃ... ቤታችን እንሂድ።"

"ልቀቀኝ" ብላ አንሾካሾከች። "ተራዬ ደርሷል።"

አልለቀቃትም። ባለ በሌለ አቅሙ ጎተታት... ንቅንቅ አላለችም።

የስልኩን መብራት ወደ ሌላው እጇ አዞረ።

እጇ ወደ ጉድጓዱ ተዘርግቷል... እጅጌዋ ተወጥሯል። ጨርቁ ላይ አምስት ጣቶች የጨመደዱት ቦታ ጎድጉዶ ይታያል።

ጣቶቹ ግን አልነበሩም።